የቼዝ ኢንጂን ደረጃና የእኛ ሬቲንግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ቼዝ በምንጫወትበት ቡና ቤት፣ ከስልካቸው ኢንጂን (ቼዝ ከሚጫወት ፕሮግራም) ጋር ሲጫወቱ ሰንብተው የሚመጡ ሰዎች የሚጠይቁኝን ነው የሰበሰብኩት፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሬቲንግ የሚባለው ቁጥር ምንድን ነው?

እርስ በርስ የሚጫወቱ ሰዎችን ውጤት አይቶ ማን ከማን ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚገምት ቁጥር ነው። ስሌቱን ያወጡት አርፓድ ኢሎ ናቸው፤ ሃንጋሪ ተወልደው አሜሪካ የኖሩ የፊዚክስ መምህር። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ የዓለሙ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970 ተቀበለው። "ኢሎ" እንግዲህ የሰው ስም ነው። የሆነ ነገር ምህጻረ ቃል የሚመስለው ብዙ ነው።

ቁጥሩ ለብቻው ምንም አይናገርም። የሚናገረው ልዩነቱ ነው። ሬቲንጋችሁ እኩል ከሆነ ከ100 ጨዋታ 50 ነጥብ ይጠበቅባችኋል። በ100 ከበለጣችሁ 64፣ በ200 ከበለጣችሁ 76፣ በ400 ከበለጣችሁ 91። አቻ ግማሽ ነጥብ ነው። ከ1500 እስከ 1700 ያለው ርቀትና ከ2500 እስከ 2700 ያለው በስሌቱ አንድ ነው። ዜሮው የት ይተከል የሚለውን ግን ስሌቱ አይነግራችሁም።

የእህል ቁናን አስቡት። ድሮ ቁናው ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር። ባቲ ላይ ሦስት ቁና ማሽላ ገዛሁ ያለን ሰው፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ያለ ዘመዱ "በየትኛው ቁና?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሬቲንግም እንደዚያው ነው። ቁጥር ስትሰሙ መጀመሪያ የየት ገበያ ቁና እንደሆነ ጠይቁ።

ስልኬ ላይ ያለው ኢንጂን እውነት የዓለም ሻምፒዮኑን ያሸንፋል?

ሙሉ ጉልበቱን ከለቀቃችሁት፣ አዎ። የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ የተባለውን ኮምፒውተር በ1996 ፊላደልፊያ ላይ 4 ለ 2 አሸንፎት ነበር። በ1997 ኒውዮርክ ላይ ግን 3.5 ለ 2.5 ተሸነፈ። ያ ማሽን በሴኮንድ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ ያሰላ ነበር። በ2006 ቭላድሚር ክራምኒክ የዓለም ሻምፒዮን እያለ በዲፕ ፍሪትዝ 4 ለ 2 ተሸነፈ፤ ያኛው በተራ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር ነበር።

እኔን የገረመኝ ግን የ2009ኙ ነው። ቦነስ አይረስ ላይ በተደረገ ውድድር ፖኬት ፍሪትዝ የሚባል ፕሮግራም በእጅ ስልክ ተጭኖ ከ10 ጨዋታ 9.5 ነጥብ አገኘ። በዚያን ጊዜ ስልክ! ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ከዚያ በብዙ ይፈጥናል፤ ስቶክፊሽ የሚባለው የዛሬው ኢንጂንም ከዚያ ፕሮግራም በብዙ ይበልጣል። ማሽኑ ሰው ያሸንፋል ወይ ብሎ የሚከራከር ከጠፋ ቆየ። አሁን የቸገረው ማሽኑን ወደ እኛ ማውረዱ ነው።

ሌቭል 5ን አሸነፍኩ። ሬቲንጌ ስንት ነው?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ከዚህ ብቻ አይታወቅም። መጀመሪያ፣ የምን ሌቭል 5? ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ 8 ደረጃ አለ። ሌላው አፕ 10 አለው፣ ሌላው 20። አምስተኛው ደረጃ ማለት የዚያ አፕ መሰላል አምስተኛ እርከን ማለት ነው እንጂ የጋራ መለኪያ አይደለም። መሰላሉ ምን ላይ እንደቆመም አልተነገራችሁም።

ሁለተኛ፣ አንድ ድል አንድ ድል ነው። አንድ ቀን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ እየሮጠ ገባ። "ጋሼ፣ ሌቭል 5ን ቀጣሁት!" አለኝ። ጨዋታውን አየሁት። በ14ኛው ሙቭ ላይ ኢንጂኑ ሩኩን በነጻ ጥሎለታል። ጥሩ አድርጎ ወስዶታል፣ እሱን አልክደውም። "ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተሸንፈህ ነው?" ስለው አንገቱን ደፋ። አሥራ አንድ ጊዜ። አሥራ ሁለት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ። ይህን ስሌቱ ውስጥ ስታስገቡት ልጁ ከዚያ ሌቭል በ400 ነጥብ ግድም ዝቅ ይላል። አብሽር ብዬ ሻይ ጋበዝኩት።

ስቶክፊሽ 3600 ነው ይላሉ፤ ካርልሰን ደግሞ 2882። ልዩነቱ 700 ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች ከሁለት ገበያ የመጡ ናቸው። 2882 ማግነስ ካርልሰን በግንቦት 2014 የደረሰበት የፊዴ ሬቲንግ ነው፤ በታሪክ ከሁሉም ከፍተኛው። የተሰላው ከሰው ጋር በተደረገ ጨዋታ ነው። 3600 እና ከዚያ በላይ የሚለው ግን ሲሲአርኤልን ከመሳሰሉ የኢንጂን ሬቲንግ ዝርዝሮች የሚመጣ ነው። እዚያ የሚጫወቱት ኢንጂን ከኢንጂን ጋር ብቻ ነው። ሰው የለበትም። ሁለቱን ገበያ የሚያገናኝ ጨዋታ ስለሌለ አንዱን ከሌላው መቀነስ የባቲን ቁና ከሰኞ ገበያ ቁና እንደመቀነስ ነው።

በዚህ ላይ የስዊድን የቼዝ ኮምፒውተር ማኅበር ታሪክ ደስ ይለኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግድም ማሽኖችን ከስዊድን ተጫዋቾች ጋር እያጋጠሙ ዝርዝራቸውን ከሰው ሬቲንግ ጋር አሰሩት። ከዚያ በኋላ ማሽኖቹ እርስ በርስ ብቻ እየተጫወቱ ዓመታት አለፉ። ቁጥሩ ከሰው እየራቀ ሄደ። በ2000 ማኅበሩ ዝርዝሩን በሙሉ በ100 ነጥብ ዝቅ አደረገው። በዚያች ቀን አንድም ማሽን አልደከመም። ቁናውን ነው ያስተካከሉት።

ኢንጂኑን "1500 ሁን" ስለው ውስጡ ምን ይፈጠራል?

ስቶክፊሽን እንውሰድ፤ ብዙው አፕ ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ። ሁለት ዓይነት ማዳከሚያ አለው። አንደኛው ከ0 እስከ 20 የሚሄድ የችሎታ ደረጃ ነው። ሁለተኛው በኢሎ የሚነገር ሲሆን ከ1320 እስከ 3190 ይደርሳል። ውስጡ ሲገባ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ኢሎው ወደዚያው የችሎታ ደረጃ ይመነዘራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢንጂኑ አንዱን ምርጥ ሙቭ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ አራት ያህል እጩ ያወጣል። ከዚያ ዕጣ ይጥላል። ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ዕጣው ወደ መጥፎው ሙቭ የመውደቁ ዕድል ይጨምራል።

ታዲያ 1320 እና 1500 የሚሉትን ቁጥሮች ማን ሰጣቸው? ሌሎች ኢንጂኖች ናቸው። በ2 ደቂቃና በየሙቩ በ1 ሴኮንድ ጭማሪ እያጫወቱ ከኢንጂኖቹ ዝርዝር ጋር አስተካከሏቸው። ሰው አልፈተናቸውም። ስለዚህ "1500" የሚለው የማሽን ገበያ 1500 ነው፤ ያውም በዚያ ሰዓት። እናንተ በ30 ደቂቃ ጨዋታ እያሰባችሁ ብትቀመጡ ሌላ ነገር ነው፣ በ1 ደቂቃ ቡሌት ደግሞ ሌላ።

አፖቹ ላይ ስምና ፎቶ የተለጠፈባቸው ቦቶችም (ተጫዋች መስለው የሚቀርቡ ኢንጂኖች) ከዚህ ብዙ አይርቁም። ፈገግ ያለች ልጅ ፎቶ ስላለበት ሰው አይሆንም።

ለምንድን ነው የተዳከመ ኢንጂን እንደ ደካማ ሰው የማይጫወተው?

ሐረጎን የሚወርዱ ሁለት ሾፌሮች አስቡ። አንዱ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወር ያልሞላው ነው። ኩርባውን ሰፋ አድርጎ ይይዛል፣ ፍሬን ያበዛል፣ ከፊቱ አይሱዙ ሲመጣ ይደነግጣል። ሌላው ሃያ ዓመት የነዳ ነው፤ ግን በየአሥር ደቂቃው ዓይኑን ለሁለት ሴኮንድ ይጨፍናል። ኮምቦልቻ የመድረስ ዕድላቸው እኩል ሊሆን ይችላል። አነዳዳቸው ግን በፍጹም አይገናኝም። የተዳከመ ኢንጂን ሁለተኛው ሾፌር ነው።

የሰው ስህተት መልክ አለው። ጀማሪ የራሱን ጥቃት ያያል፣ የሌላውን አያይም። ከቦርዱ ጥግ ሰያፍ የሚመጣውን ቢሾፕ ይረሳል። ፈረስ ወደ ኋላ ሲመለስ አይታየውም። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ሲቀር እጁ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ የተሸነፈለት ሰው ፊት ሲቀመጥ ገና ሳይጀምር ይፈራል። ኢንጂኑ ይህ ሁሉ የለበትም። 12 ሙቭ እንደ ግራንድማስተር ይጫወትና ድንገት ንግሥቱን ለወታደር ይሰጣል። ከሰጠ በኋላ አይናደድም። እንደገና እንደ ድንጋይ ይከላከላል።

ይህ ሲለካ ብቻ አይደለም የሚያሳስተው፣ ልማድም ያበላሻል። አንዲት የኮምቦልቻ ካምፓስ ተማሪ ስልኳ ላይ 1700 የተባለውን ቦት ደጋግማ የምታሸንፍ መጣች። ስማርት ስልክ ኖሮት ከማያውቅ ልብስ ሰፊያችን ጋር አስቀመጥናት። ቦርዳችን አንድ ሩክ ስለጠፋበት በምትኩ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ነው የምናቆመው፤ መጀመሪያ እሱ ትንሽ አደናገራት። ከዚያ ተረጋግታ ጥሩ ተጫወተች። ሰፊው ፈረሱን መሐል ላይ ተከለና ዝም ብሎ ቡናውን ጠጣ። እሷ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ የገባኝ በኋላ ነው፤ ቦቱ ሁሌ አንድ ነገር ይጥልላት ነበር። ሰፊው ምንም አልጣለም። በ41ኛው ሙቭ ተሸነፍኩ ብላ እጇን ዘረጋች።

ሙቩን ከማበላሸት ይልቅ ጥልቀቱን ወይም ሰዓቱን ብቀንስበትስ?

ይሻላል፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጥልቀት ማለት ኢንጂኑ ስንት ሙቭ ወደ ፊት እንደሚያይ ነው፤ የእናንተም የእሱም ሙቭ ለየብቻ ይቆጠራል። ጥልቀቱን 4 ብታደርጉት እስከዚያ ድረስ ያለውን ወጥመድ ይለቅመዋል ማለት ይቻላል። ከአድማሱ ማዶ ያለውን ግን ጨርሶ አያይም። ሰው እንዲህ አይደለም። ሰው ሁለት ሙቭ ቀርቶት የነበረን ማት ያልፍና፣ በዚያው ጨዋታ ወታደሩ ከስምንት ሙቭ በኋላ ንግሥት እንደሚሆን አስቦ ይጓዛል። በተለይ ኢንድጌም (የጨዋታው መጨረሻ) ላይ ጥልቀቱ የተቆረጠ ኢንጂን ወዴት እንደሚሄድ የጠፋበት ይመስላል።

ሰዓት መቁረጥ ደግሞ በስልኩ ይወሰናል። ይህን በዓይናችን አይተናል። መብራት ጠፍቶ በሰነበተበት ሰሞን ባትሪ ቆጣቢ ላይ የነበረ አሮጌ ስልክና ገና ቻርጅ የተደረገ አዲስ ስልክ ወሰድን። አንድ አፕ፣ አንድ ኢንጂን፣ ለሙቭ አንድ አንድ ሴኮንድ። ሁለት ልጆች አንዱ ስልክ የተጫወተውን ሌላው ላይ እየነካኩ አጋጠሟቸው። አሮጌው አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። በዚያችው ሴኮንድ ውስጥ አዲሱ ብዙ እጥፍ ያሰላል። አፓችሁ በሰዓት ፈንታ በሚታየው አቀማመጥ ብዛት እንድትወስኑ ከፈቀደ እሱን ምረጡ፤ አሮጌም ሆነ አዲስ ስልክ ላይ ያው ነው።

ቼዝ ዶት ኮም ላይ 1300፣ ሊቼስ ላይ 1600 ነኝ። የቱ ነው እውነተኛው?

ሁለቱም። የተለያየ ሰው ነው የምትገጥሙት፣ መነሻውም ይለያል። ሊቼስ ላይ አዲስ ሰው በ1500 ይጀምራል፤ ቼዝ ዶት ኮም ላይ ሲመዘገቡ የራስን ደረጃ ይመርጣሉ። ሁለቱም የሚጠቀሙት ማርክ ግሊክማን የተባሉ የስታትስቲክስ ሊቅ ያወጡትን ግሊኮ የተባለ ስሌት ነው። ከኢሎ የሚለየው ቁጥሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም አብሮ መያዙ ነው። ሊቼስ ላይ ከሬቲንጋችሁ ጎን የጥያቄ ምልክት ካለ ገና አላወቅኋችሁም ማለቱ ነው።

በጀማሪና በመካከለኛ ደረጃ የሊቼሱ ቁጥር ከፍ ይላል። ያ ማለት ግን ሁልጊዜ 300 ቀንሱ ማለት አይደለም። ወደ ላይ ሲወጣ ክፍተቱ ይጠብባል። የብሊትዝን (የፈጣኑን ጨዋታ) ቁጥር ከራፒድ (ረዘም ካለው) ጋር የሚያወዳድርም አለ፤ ኧረ ተዉ።

የኢንጂን ደረጃን ወደ ፊዴ ሬቲንግ የሚቀይር ሰንጠረዥ የለም?

ሰንጠረዥማ ሞልቷል። ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ ሌቭል ይህን ያህል፣ ፊዴ ይህን ያህል እያለ። ስታዩት መጀመሪያ ቀኑን ፈልጉ። ከመጋቢት 2024 በፊት የተሠራ ከሆነ ወርውሩት።

ለምን? ፊዴ በዚያ ወር መጀመሪያ ላይ ሬቲንጋቸው ከ2000 በታች የሆኑትን ሁሉ በአንድ ቀን ከፍ አደረጋቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከ2000 የሚጎድላችሁን ወስዳችሁ 40 በመቶውን ትጨምራላችሁ። 1800 የነበረው 1880 ሆነ። 1500 የነበረው 1700 ሆነ። 1000 የነበረው 1400 ሆነ፤ ዝቅተኛው ሬቲንግም ከ1000 ወደ 1400 ከፍ አለ። ማታ 1500 ሆኖ የተኛ ሰው ጠዋት 1700 ሆኖ ተነሳ። አንድ ወታደር አላንቀሳቀሰም። ስልኩ ላይ ያለው ቦት ግን ትናንት የነበረው ነው። "ይህ ቦት እንደ ፊዴ 1500 ይጫወታል" የሚለው ዓረፍተ ነገር በአንድ ሌሊት ትርጉሙን ቀየረ።

እንደ ሰው የሚሳሳት ኢንጂን የለም?

አለ፤ ማያ ይባላል። በ2020 የቶሮንቶና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከማይክሮሶፍት ሪሰርች ጋር ሆነው የሠሩት ነው። ስቶክፊሽ "ምርጡ ሙቭ የቱ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ማያ የሚጠይቀው "እዚህ ጋ ሰው ምን ይጫወታል?" ብሎ ነው። የሊቼስ ጨዋታዎችን በሬቲንግ ከፋፍለው ከ1100 እስከ 1900 ዘጠኝ ማያዎችን አሠለጠኑ። ወደ ፊት አያሰላም። ቦርዱን አይቶ ይገምታል፤ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ሰውየው የተጫወተውን ሙቭ ራሱን ያገኘዋል።

እዚህም ግን ቁጥሩ ላይ መጠንቀቅ ነው። በ1100 ተጫዋቾች የሠለጠነው ማያ ሲጫወት ከ1100 በላይ ነው። ምክንያቱም የሚጫወተው ብዙ ሰው የሚመርጠውን ነው። አንድ 1100 ተጫዋች በራሱ ጊዜ የሚሠራት ጉድ አለች፣ እሷን ሌሎቹ አይሠሯትም፤ ስለዚህ በብዛቱ ውስጥ ትጠፋለች። ድር ቢያብር የሚባለው እዚህም ይሠራል። ሆኖም ለልምምድ ከቦት ሁሉ እሱን እመርጣለሁ። ሲሸነፍ እንኳን የሰው ሽታ አለው።

ጨዋታዬን ሳስገባው "በ1850 ደረጃ ተጫውተሃል" አለኝ። ልመነው?

ደስ ይበላችሁ እንጂ አትመኑት። ተጋጣሚያችሁ በ6ኛው ሙቭ ንግሥቱን ከጣለ ከዚያ በኋላ ያለው ሙቭ ሁሉ ቀላል ነው፤ ቀላል ሙቭ በትክክል መጫወት ማንንም 1850 አያደርግም። አፑ ደግሞ ነገም እንድትከፍቱት ይፈልጋል።

ታዲያ ራሴን በኢንጂን መለካት ብፈልግ እንዴት ላድርግ?

ቁናው እንዳይቀያየር አድርጉ። አንድ አፕ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ስልክ፤ ባትሪው ሞልቶ። ነጭና ጥቁር እያፈራረቃችሁ። ሙቭ ማስመለስ የለም። "ይቺን አትቁጠራት፣ ልጁ ጠርቶኝ ነው" የሚባልም የለም። የተሸነፋችሁበትን ጭምር ደብተር ላይ ጻፉ፤ እንዲያውም በተለይ የተሸነፋችሁበትን። ቢያንስ 20 ጨዋታ።

20 ተጫውታችሁ 13 ነጥብ አገኛችሁ እንበል። ያ 65 በመቶ ነው፤ ከቦቱ በ108 ነጥብ ግድም ትበልጣላችሁ ማለት ነው። ግን 20 ጨዋታ ትንሽ ነው። የዕድሉን ነገር ስታስገቡበት እውነቱ ከ30 እስከ 200 የትም ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። እኔ ከቦቱ ቁጥር ላይ ደምሬ ሬቲንጌ ይህ ነው አልልም። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ትቼው ከሦስት ወር በኋላ በዚያው አፕ፣ በዚያው ደረጃ፣ በዚያው ስልክ እደግመዋለሁ። ያኔ 16 ካገኘሁ አንድ ነገር ተሻሽሏል። አፑን በመሐል አፕዴት ካደረጋችሁት ግን ውስጡ ያለው ኢንጂን ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህን እኔም የደረስኩበት አንድ ሙሉ ደብተር ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ኢንጂኑን ከማዳከም ጠጠር ቢያነሳልኝስ?

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጥንትም ጎበዙ ለደካማው የሚያደርገው ነበር። በ2016 ሂካሩ ናካሙራ ከኮሞዶ ጋር እንዲህ ተጫውቷል። ለናካሙራ በየጨዋታው የተለየ ብልጫ፣ ጠጠር ወይም ተጨማሪ ሙቭ፣ እየተሰጠው አራት ጨዋታ ተጋጠሙ። ሦስቱ አቻ፣ አንዱን ኮሞዶ አሸነፈ። የዓለም አናት ላይ ላለ ሰው አንድ ወታደር እንደማይበቃ አሳየ።

ለእኛ ደረጃ ግን ወታደር አይደለም፣ ንግሥትም ቢያነሳ ሊያሸንፈን ይችላል። ችግሩ ተራው ኢንጂን ከመነሻው እንደተሸነፈ አውቆ ዝም ብሎ ጠጠር መለዋወጡ ነው። ሊላ ለሚባለው ኢንጂን ፈረስ ወይም ንግሥት ሳይዝ እንዲጫወት ተብለው የተዘጋጁ ዓይነቶች አሉት። እነሱ ያወሳስባሉ፣ ወጥመድ ያስቀምጣሉ፣ እንድትደናገጡ ያደርጋሉ። በዚህ መንገድ ደረጃ ስትለኩ "ፈረስ ተነስቶለት በዚህ ሰዓት ግማሽ ነጥብ አገኛለሁ" ነው የሚባለው። የሬቲንግ ቁጥር አይወጣውም፤ ግን ሰው ሁሉ የሚገባው ልኬት ነው።

ክለባችን ውስጥ የፊዴ ሬቲንግ ያለው የለም። ለራሳችን መስጠት እንችላለን?

እርስ በርስ፣ አዎ። ሁሉንም በ1500 ጀምሩና ውጤት መዝግቡ። በአንድ ዓመት ማን ከማን እንደሚበልጥ በደንብ ይለያል። ግን አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣው ነው፤ ድምሩ አይቀየርም። ሁላችሁም በአንድ ዓመት እጥፍ ብትጎብዙ እንኳን አማካዩ 1500 ላይ እንደቆመ ይቀራል። ደሴ ያለው ክለብም 1500፣ ወልዲያ ያለውም 1500 ሊል ይችላል። በመሐል ማንም ካልተጓዘ የትኛው እንደሚበልጥ ማወቂያ የለም።

ኢንጂንን እንደ ድልድይ መጠቀም ይቻላል፤ ሁለቱም ክለብ ያንኑ ቦት በዚያው ሁኔታ ገጥሞ ነጥቡን ማነጻጸር። ሻካራ ነው፤ ቦት ማሸነፍ የለመደ ክለብ ያለ አግባብ ጎልቶ ይወጣል። ሦስት ሰው በሚኒባስ ወልዲያ ልኮ አንድ ቅዳሜ ማጫወት ከሁለት መቶ የቦት ጨዋታ ይበልጣል። ፊዴ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ለፊዴ በሚመዘገብ ውድድር ላይ ሬቲንግ ካላቸው ሰዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ መጫወት፣ የሚወጣውም ቁጥር ከ1400 አለማነስ አለበት። ስልክ ላይ ምንም ያህል ብታሸንፉ አይቆጠርም።

የድሮውን ሰንጠረዥስ ኢንጂን ይጫወተዋል?

ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ኤክሴል ትዝ ይለናል እንጂ የአባቶቻችን ቼዝ ስም ነበር፤ በመኳንንቱ ግቢ የሚጫወቱት። ንግሥት በምትቆምበት ቦታ ፈርዝ አለ፤ የሚሄደው አንድ እርምጃ በሰያፍ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለኢንጂን ማስተማር ይቻላል። የሚያስቸግረው መጀመሪያው ነው። ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተጫዋች ተራ ሳይጠብቁ፣ በየራሳቸው ፍጥነት፣ በአንድ ጊዜ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው።

የዛሬ ኢንጂን ሁሉ የተሠራው በተራ ላይ ነው። እኔ ይህን ስሄድ፣ እሱ ያንን ቢሄድ፣ እኔ ደግሞ ይህን እያለ ነው የሚያሰላው። የኢሎ ቁጥሩም የሚመጣው ከዚያ ዓይነት ጨዋታ ነው። ይህን ሰንጠረዥን ከአባታቸው ለተማሩ አንድ አባት ለማስረዳት ሞከርኩ። ስልኩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ትንሽ አዩትና፣ ኢንጂኑ የእኔን ሙቭ እየጠበቀ እንደቆመ ሲነገራቸው ሳቁ።

"ተራ የሚጠብቅማ፣ ልጄ፣ ምኑን ወረረ?"